ቦይንግን ማን መረመረው? አየር መንገዳችንንስ?

ማውንትሌክ ቴራስ (ሲያትል)፦ ከምንኖርባት ከዚህች ከተማ ወደ ሰሜን ቢነዱ ኤቨረት፣ ሲያትልን አልፈው ወደ ደቡብ ቢወርዱ ሬንተን ይደርሳሉ። ሁለቱም የቦይንግ ፋብሪካ ከተሞች ናቸው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019) ከቦሌ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ነፍስ ያጠፋው 737 ማክስ ሬንተን የተሠራ ነበር።

ለዜግነት ፈተና ስንዘጋጅ ሦስቱን የመንግሥት አካላትና የ1791ዱን የመጀመሪያ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሸምድደን ነበር። ትርጉሙ የገባን ግን በዚህ አደጋ ነው።

በቅድሚያ አሜሪካንን አናሞግስ። መንግሥቷም ወድቋል። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የምርመራውን ሥራ በአብዛኛው ለቦይንግ ለራሱ ሠራተኞች ሰጥቶ ነበር። ሠሪውም መርማሪውም አንድ ሆነ ማለት ነው። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር በአንድ ሴንሰር ብቻ ይታዘዝ ነበር፤ ሴንሰሩ ሲሳሳት አብራሪው ከማሽን ጋር ግብ ግብ ይገጥማል። ኢንዶኔዢያ ውስጥ 5 ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ 189 ሰው ያለቀውም በዚሁ ነው።

ይህን ለሕዝብ በዝርዝር የተነተነው ማነው? የቦይንግ ሠራተኞች ከተማ ጋዜጣ፣ ሲያትል ታይምስ! አደጋው በደረሰ በሳምንቱ ባወጣው ዘገባ፣ ቦይንግ ለመንግሥት ባቀረበው ሰነድ ኤምካስ የጭራውን አግድም ክንፍ በ0.6 ዲግሪ ብቻ ያንቀሳቅሳል ሲል፣ በተግባር ግን እስከ 2.5 ዲግሪ እንደሚደርስ አጋለጠ። የሚያንገበግበው፣ ጋዜጣው ጥያቄውን ለኩባንያውም ለመንግሥትም ያቀረበው የእኛ አውሮፕላን ከመውደቁ በፊት መሆኑ ነው። ዘገባው በ2020 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ኮንግረስም የቦይንግን ሹማምንት አስቀርቦ ጠየቀ፣ የውስጥ ኢሜይላቸውን አወጣ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም የምርመራውን ሕግ አጠበቀ።

አንዳንድ የኮንግረስ አባላት ሳይቀሩ ጣታቸውን በአብራሪዎቹ ላይ ሲቀስሩ፣ የኢትዮጵያ መርማሪዎች በኤፕሪል 2019 አብራሪዎቹ የተሰጣቸውን መመሪያ መከተላቸውን አስታወቁ። በ2021 ቦይንግ ራሱ ለሟቾች ቤተሰቦች ኃላፊነቱን በፍርድ ቤት ሰነድ አመነ። በዚህ እንኮራለን።

ግን ውድ አንባቢያን፣ ሌላም ጉዳይ አለ። በዚያው በ2019 አንድ የአየር መንገዱ የቀድሞ ዋና መሐንዲስ አሜሪካ ገብቶ፣ ከአደጋው በኋላ የጥገና መዝገብ ተነካክቷል ሲል ለአሜሪካ መንግሥት አመለከተ። አየር መንገዱ አስተባበለ። ማን እውነተኛ እንደሆነ አንፈርድም። ጥያቄያችን፣ አንድ መሐንዲስ እንዲህ ያለ አቤቱታ ለማሰማት ለምን ውቅያኖስ መሻገር አስፈለገው? የሚል ነው።

እኛ በመንግሥት ጋዜጣ አርታኢነት ዓመታት ፈጅተናል። የመንግሥት ድርጅት ዜና ተጽፎ ይመጣልናል፤ የእኛ ድርሻ ፊደል ማረም ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዛል። አንቀጹን በጋዜጣችን አትመነዋል፤ ሠርተንበት ግን አናውቅም።

እዚህም ቢሆን ነገሩ አልተቋጨም። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2025 የወንጀል ክሱ እንዲነሣለት ከቦይንግ ጋር ተስማማ፤ ቤተሰቦቹ እየተቃወሙ ዳኛው በኖቬምበር ክሱን ዘጉት። ሲያትል ታይምስ ይህንንም ጽፏል።