ስለ ፒክአፕ መኪና ጎማና ስለ ከፍታው ለደጋ አገር ሹማምንት የቀረበ አሳብ

በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ይልቁንም ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ፣ ወደ ክምር ድንጋይና ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው አገር የመንግሥትን ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያለ ፒክአፕ መኪና ሥራው እንደማይሟላለት የታወቀ ነው። የዘር ድንች ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው የሚሻገረው፣ ማዳበሪያ ከመጋዘን ወጥቶ ክረምት ሳይቀድመው ለገበሬ የሚደርሰው፣ የእርሻ ባለሙያም ከመሥሪያ ቤቱ ተነሥቶ የታመመውን ሰብል በዐይኑ የሚያየው ብዙ ጊዜ በዚሁ መኪና ነው። ስለዚህ የመኪናው ነገር የሾፌርና የመካኒክ ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያቸው አስተዳዳሪዎችና ባለ ይዞታዎች ቢኖሩ፣ ነገሩ የእህል ጉዳይ መሆኑን እንዲያስተውሉት እንለምናለን።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት መኪናን ከፋብሪካው ልክ በላይ ከፍ ማድረግ የጉብዝናና የማዕረግ ምልክት ሆኖ መታየቱ ነው። ረዥም ሞላ፣ ወፍራም ባሌስትራ፣ ጥርሱ የገጠጠ ሰፊ ጎማ ያለው ፒክአፕ በሰው ፊት ሲቆም ግርማ እንዳለው አንክድም። ዳሩ ግን ግርማው የሚገዛው በሕዝብ ገንዘብ ሲሆን፣ ጥቅሙን መርምሮ መፍቀድ የሹም ግዴታ ነው። ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለውን የነዳጅ መኪና ዕድሜ ማሳጠር ከቀድሞው ይልቅ የሚያስቈጭ ነገር ሆኗል።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰውም ይስተዋል። በቶዮታ ሂሉክስና እርሱን በሚመስሉ ፒክአፖች ላይ ከመሬት እጅግ የሚቀርበው ነገር በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው የዲፍሬንሻሉ እንብርት ነው። ይህ አካል የተያያዘው ከጎማው ጋር ነው እንጂ ከመኪናው ገላ ጋር አይደለም። ሞላና ባሌስትራ ብትለውጡ ገላው ወደ ላይ ይወጣል፤ እንብርቱ ግን በነበረበት ይቀራል። ከመንገድ መካከል የበቀለው ድንጋይም የሚመታው ያንኑ እንብርት ነው። እርሱን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው። እንግዲህ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ መሥሪያ ቤት ከጎማ ቢጀምር ትክክል ነው፤ ባሌስትራና ሞላ ሁለተኛ ይሁኑ፤ ከፍታ የመጨረሻው ይሁን።

የጎማን ልክ ማንበብ ለማንም አያስቸግርም። በጎማው ጎን 265/65 ተብሎ 17 የሚል ቢከተል፣ ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 ከመቶ፣ የቸርኬው ስፋት 17 ኢንች መሆኑን ያስረዳል። ሲደመር የጎማው ሙሉ ቁመት 77 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። በዚያው ቸርኬ 265/70 ቢታሰር ቁመቱ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ዲፍሬንሻሉም በ13 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ያለ ሌላ ወጪ የተገኘ ነው፤ ብዙ ጊዜም ገላው ሳይነካ ይገባል። ከዚህ አልፎ እጅግ ትልቅ ጎማ የሚመኝ ሰው ግን ዋጋውን ይወቅ። ጎማ በገዘፈ ቍጥር ማርሹ እንደ ከበደ ይቈጠራል፤ በደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ላይ፣ ከዚያም በላይ ወደ ጉና ሲወጣ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ሁሉ ከቈላው ይልቅ ይደክማል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ይልቁንም። ፍሬኑም ትልቁን ጎማ ለማቆም ይበልጥ ይደክማል። የፍጥነት መቍጠሪያውም ይዋሻል፤ ከላይ በተናገርነው በትንሹ ለውጥ እንኳ 80 ሲያሳይ መኪናው 83 ያህል ይሄዳል።

አሁን ወደ አገሩ ጠባይ እንመለስ። የደቡብ ጎንደር መኪና ሦስት ዐይነት መሬት ይረግጣል። አንደኛው ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በገሳይ አልፎ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው፣ ቻይናውያን መሐንዲሶች በመሥራታቸው ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ የሚሉት ነው። ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ ባለው 42 ኪሎ ሜትር ብቻ 900 ሜትር ያህል ቍልቍለት አለ። ሁለተኛው ወደ ቀበሌ የሚገባው ኮረኮንች ነው። ሦስተኛው ጭቃው ነው፤ ጭቃውም አንድ አይደለም። በፎገራ ሜዳ ያለው ዋልካ ጎማን እንደ ሊጥ ሸፍኖ ያለሰልሰዋል፤ በጉና ሥር ያለው ቀዝቃዛ የደጋ ጭቃ ግን ከታቹ ድንጋይ ስላለው፣ ጎማው ቈፍሮ ከደረሰበት ይይዛል።

ጥርሱ የገጠጠው የጭቃ ጎማ ለዚህ አገር ይሻላል የሚሉ አሉ። በክረምት ብቻ፣ በጭቃ ብቻ ለሚሠራ መኪና እውነት ነው። ነገር ግን የወረዳ መኪና የዓመቱን ኪሎ ሜትር አብዛኛውን የሚጨርሰው በአስፋልትና በኮረኮንች ነው። የጭቃ ጎማ መሬት የሚነካው በጥርሱ ጫፍ ብቻ ስለ ሆነ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፤ ቶሎም ያልቃል። ወደ ወረታ በሚወርደው ቍልቍለት በሐምሌ ዝናብ ይህን መፈተን የሚወድ ሾፌር አይኖርም። ተራ የአስፋልት ጎማም በበኩሉ የኮረኮንቹ ስለታም ድንጋይ ጎኑን ይቀደዋል። ስለዚህ የእኛ አሳብ በሁለቱ መካከል ያለው፣ ለሁሉም መሬት ተብሎ የሚሠራው ጎማ ይገዛ የሚል ነው፤ ጎኑም ለቀላል ጭነት መኪና ተብሎ የተጠናከረው ይመረጥ። በዋልካ ላይ ግን ማንኛውም ጎማ ልክ አለው፤ ዝናብ ባባ ቀን አለመሄድም ብልሃት ነው።

የጭነት ቍጥሩን ብዙ ገዢ አይመለከትም። ከጎማው ልክ ቀጥሎ 104 ተብሎ ቢጻፍ ያ ጎማ 900 ኪሎ ይሸከማል፤ 112 ቢል 1,120 ኪሎ፤ 116 ቢል 1,250 ኪሎ ነው። የተጫነ ፒክአፕ ጠቅላላ ክብደቱ 3 ቶን ያህል ሆኖ፣ ከዚህ ከግማሽ በላይ የሚያርፈው በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ነው፤ ጕድጓድ ሲገባ ደግሞ ለቅጽበት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከ112 በታች አትግዙ። ሌላው የጎማው ዕድሜ ነው። በጎኑ ላይ ባለች ትንሽ ክብ ውስጥ አራት ቍጥር ተቀርጾ ይገኛል፤ 2319 ቢል፣ በፈረንጆች 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። በመደብር ስድስትና ሰባት ዓመት የተኛ ጎማ ጥርሱ አዲስ ሆኖ ቢታይም ላስቲኩ ደርቋል። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዋጋ ሲረክስ ሹሙ ተደስቶ ከመፈረሙ በፊት ይህችን ቍጥር ያስነብብ።

ነፋሱ የሚለካው ማለዳ፣ መኪናው ሳይሄድ፣ በሚሠራበት አገር ነው። በወረታ የቀትር ሙቀት 32 ተብሎ የተነፋ ጎማ በገሳይ የንጋት ውርጭ ያንኑ አያሳይም። በጭቃ ለማለፍ ነፋሱን ወደ 20 ዝቅ ማድረግ ይረዳል፤ መልሶ የሚነፋበት መሣሪያ በመኪናው ውስጥ ከሌለ ግን አይደረግ፤ የጎደለ ጎማ ጭኖ በአስፋልት የሮጠ ይፈነዳልና።

ባሌስትራን በሚመለከት ልማዱ ቅጠል መጨመር ነው። መኪናው ዘወትር 8 ወይም 9 ኩንታል የሚጭን ከሆነ መልካም ነው። ነገር ግን የአብዛኞቹ የመሥሪያ ቤት ፒክአፖች ሥራ በዘርና በማዳበሪያ ወራት ብቻ ከባድ ሆኖ፣ በቀረው ጊዜ ሁለት ሰውና አንድ ቦርሳ ይዞ መመላለስ ነው። ባዶ መኪና በጠንካራ ባሌስትራ ላይ በኮረኮንች ሲሄድ ጎማው መሬቱን መያዙን ትቶ ይዘላል፤ በመታጠፊያም ጅራቱ ወደ ገደል ይሄዳል። የተቀመጠውም ሰው ወገቡ ይመሰክራል። ስለዚህ ቅጠል ከመጨመር በፊት የደከመው አሞርዛተር ይለወጥ። መኪናው ከፍ ያላለ የሚመስለው ብዙ ጊዜ አርጅቶ የተኛው ሞላ ስለ ሆነ፣ እርሱን በፋብሪካው ልክ መተካት ብቻ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይመልሳል።

ከፍ ማድረግ የግድ ከሆነ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ እርሱም ለመኪናው ተለክቶ በተሠራ ሞላና ባሌስትራ፣ ከርዝመታቸው ጋር በሚስማማ አሞርዛተር ይሁን። በሞላው ራስ ላይ ብረት ታኮ መክተት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የፊት ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል መጋጠሚያዎቹን ከልካቸው በላይ ይጎትታል፤ ኃይልን ወደ ፊት ጎማ የሚወስደው ዘንግም ጠማማ ሆኖ ስለሚዞር ላስቲኩ ይቀደድና ጭቃ ይገባበታል። ከፍ ከተደረገ በኋላም የጎማዎቹ አቀማመጥ በአላይመንት መሣሪያ እንደገና መስተካከል አለበት።

እጅግ የምንፈራው ግን የማይታየውን ነው። በብዙ ፒክአፖች ላይ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ የጭነቱን ክብደት እየለካ ለኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ኃይል የሚከፍል መሣሪያ አለ። የኋላው ገላ ከፍ ሲል ይህ መሣሪያ መኪናውን ባዶ ነው ብሎ ያስባል፤ ለኋላ ጎማዎችም ፍሬን ይነፍጋቸዋል። 9 ኩንታል ድንች ተጭኖ፣ ከላዩም ገበያተኛ ተቀምጦበት ቍልቍለት የሚወርደው መኪና በግማሽ ፍሬን ይወርዳል ማለት ነው። ይህ ዘንግ በልኩ ካልተስተካከለ በቀር ከፍታ የጨመረ መኪና ከጋራዥ አይውጣ። የመገልበጡም ነገር ሒሳብ አለው፤ በጎማዎቹ መካከል 1.50 ሜትር ስፋት ያለውና የክብደቱ መካከል ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ መኪና፣ በሒሳብ ረገድ የሚገለበጠው 47 ዲግሪ ሲያዘነብል ነው። ያ መካከል በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል 43 ይበቃዋል። የተቈለለው ጆንያ ደግሞ ከዚያም ያወርደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውሳለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ፣ ክብደቱ 7 ቶን ያህል ሆኖ ሳለ፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል እስከ መቅደላ በሠረገላ አስጎትተውታል። ያን ጊዜ የሠረገላውን ቁመት ስለ መጨመር አልተጨነቁም፤ ሠራዊታቸውን ይዘው፣ በገዛ እጃቸውም ድንጋይ እያነሡ መንገዱን አሠሩ። ዛሬ ለአንድ ፒክአፕ ከፍታ የሚወጣው ገንዘብ ወደ ቀበሌው በሚገባው መንገድ ላይ ሁለትና ሦስት የውሃ መውረጃ ቦይ ሊያስቈፍር፣ የበቀለውንም ድንጋይ ሊያስነቅል ይችላል። በዚያ መንገድ የሚሄደው የሹሙ መኪና ብቻ አይደለም፤ የገበሬው ባጃጅ፣ የነጋዴው አይሱዙ፣ ድንች የጫነ አህያም ያልፍበታል።

የግዢ ትእዛዝ ሲጻፍ «4 ጎማ ለፒክአፕ» ብሎ መተው የበዛ ልማድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፤ መሥሪያ ቤቱም ያላሰበውን ይቀበላል። ትእዛዙ ላይ ልኩ፣ ለሁሉም መሬት የሚሆን መሆኑ፣ የጭነት ቍጥሩ ከ112 እንዳያንስ፣ የተሠራበትም ጊዜ ከሁለት ዓመት እንዳይበልጥ ይጻፍ፤ ሾፌሩም ተጠርቶ ይጠየቅ፤ መንገዱን የሚያውቀው እርሱ ነውና። የሚገዙትም አራት ሳይሆኑ አምስት ይሁኑ። ልኩ የተለየ መጠባበቂያ ጎማ አስሮ በአራቱም ጎማ ኃይል በጭቃ የሚነዳ መኪና የራሱን ማርሽ ይሰብራል፤ መጠባበቂያውም ከሻንሲው ሥር በነበረው ስፍራ የሚገባ መሆኑ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ይለካ።