የእናቶች ጤንነትና የየአገሩ የማለዳ ልማድ

ወደ ሌላ አገር የሄደ መንገደኛ የሕዝቡን ኑሮ የሚያውቀው ሙዚየምና ሐውልት በመጎብኘት ብቻ አይደለም። ማልዶ ተነሥቶ ወደ መናፈሻውና ወደ አደባባዩ ብቅ ቢል፣ ሕዝቡ ጤንነቱን እንዴት እንደሚጠብቅ በዓይኑ ያያል። በተለይ እናቶች በዚያ ሰዓት የት እንዳሉ ልብ ማለት ይጠቅማል።

ለምሳሌ ጃፓንን ብንወስድ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሬዲዮ በፒያኖ የታጀበ የሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርት ያሰማል። ልማዱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተቋርጦ በ1951 እንደገና ቀጥሏል። የመጀመሪያው ክፍል 13 እንቅስቃሴዎች አሉት፤ የሚወስደውም ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ክንድ ማንሣት፣ ወገብ ማዞርና ባሉበት መዝለል የመሳሰሉት ስለሆኑ አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ቆመው ሊሠሩት ይችላሉ።

በቻይና ከተሞች ደግሞ ማለዳና ምሽት ላይ ሴቶች በየአደባባዩ ተሰልፈው በሙዚቃ ይወዛወዛሉ። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋና ጡረታ የወጡ ናቸው። የድምፅ ማጉያው ጩኸት ከጎረቤት ጋር ያጨቃጨቀበት ጊዜ ቢኖርም፣ ልማዱ አልቀረም። እዚያ የሚገኘው ጥቅም የጉልበት ብቻ ሳይሆን የጓደኛም ጭምር ነውና።

በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እሑድ እሑድ ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ይዘጋሉ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው መንገድ የእግረኛና የብስክሌት ይሆናል። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. ይህን የመሰለ ከመኪና ነፃ ቀን ጀምራለች።

እነዚህ አገሮች በባህልም ሆነ በሀብት አይመሳሰሉም። የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር የታወቀ ሰዓት፣ የጋራ ቦታና ክፍያ የማይጠየቅበት መሆኑ ነው።

«ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ስል እውላለሁ፤ ስፖርት ለምኔ?» የሚሉ እናቶች ይኖራሉ። እርግጥ ነው፣ ውኃ ከሩቅ ለምትቀዳውና እንጨት ለምትሸከመው የገጠር እናት የሚያስፈልጋት ተጨማሪ ድካም ሳይሆን ሸክሟ እንዲቀልላት ነው። በከተማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቢሮና በሱቅ ተቀምጣ የምትውል፣ በታክሲ የምትመላለስና ማታ ምድጃ ሥር የምታመሽ ሴት ትደክማለች እንጂ ልቧና ሳንባዋ በሚገባ አይሠሩም። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ለመከላከልም ይረዳል።

ታዲያ ዋናው ጥያቄ ይህ ግማሽ ሰዓት ከየት ይምጣ የሚለው ነው። እናት ከእንቅልፏ ቀንሳ ታምጣው ማለት ሌላ ሸክም መጨመር ነው። አባወራው ቁርስ ቢያቀርብ፣ ከፍ ያሉት ልጆች ታናናሾቻቸውን ቢያለብሱ ግን ሰዓቱ ይገኛል። ብቻዋን በማለዳ መውጣት የሚያስፈራትም ከጎረቤቶቿ ጋር ብትሆን ይሻላል። ለቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች ከቡናው በፊት አብረው ቢራመዱ ምን ይከለክላቸዋል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና።

እንግዲህ እህቶች፣ ከሁለት ጎረቤቶቻችሁ ጋር ቀንና ሰዓት ቁረጡ። አባቶችም በዚያ ሰዓት ወጥ ቤቱን ተረከቡ። የእናት ጤንነት የቤቱ ሁሉ ጤንነት ነው።