‹‹ፓሴጁን አታንብቡ!››

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴን ልጅ ከቲቶሪያል ልወስደው ሄጄ ቀድሜ ደረስኩ፡፡ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ትምህርቱን በነጻ ተከታተልኩ (አክስቴ በወር የምትከፍለውን ብር ስትነግረኝ ከደነገጥኩት ድንጋጤ አንጻር ይህቺ ትንሽ ካሳ ነች)፡፡ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ተቀምጠዋል፡፡ አስተማሪው እንግሊዝኛ ፈተና ላይ ስለሚመጣው ምንባብ እያስረዳ ነበር፡፡ ምን ሲል ሰማሁት መሰላችሁ?

‹‹ፓሴጁን አታንብቡ! ሰዓት ይበላባችኋል፡፡ ጥያቄውን እዩ፣ ዋናውን ቃል ያዙ፣ ቃሉን ፓሴጁ ውስጥ ፈልጉ፣ ከጎኑ ያለው ቃል የትኛው ቾይስ ላይ እንዳለ አይታችሁ አጥቁሩ፡፡ ኦልዌይስ እና ኔቨር ያለበት ቾይስ ሁልጊዜ ስህተት ነው፡፡ ጨርሶ ካልገባችሁ ሲ!››

ልጆቹ ጻፉት፡፡ ‹‹ሁልጊዜ የሚል ቾይስ ሁልጊዜ ስህተት ነው›› የሚለውን አንድም ሰው ሳይስቅ ደብተራቸው ላይ ገለበጡት፡፡ እኔ ነኝ ኮሪደር ላይ ብቻዬን የሳቅኩት፡፡

እንግዲህ የንባብ ፈተና ዝግጅት የምንለው ይሄ ነው፡፡ ላለማንበብ ገንዘብ ከፍሎ መሠልጠን!

ሰውየውን ለማማት አይደለም፡፡ ገበያው የጠየቀውን ነው የሚሸጠው፡፡ ደግሞም ጥያቄውን ቀደም ብሎ ማየት ክፋት የለውም፣ እኔም በጊዜዬ አደርገው ነበር፡፡ የድሮ ፈተና መሥራትም ሸጋ ነገር ነው፤ የጥያቄውን ጠባይ ያስለምዳል፣ ሰዓት አጠቃቀም ያስተምራል፡፡ ጠቤ ከቀረው ጋር ነው፡፡ ምክንያቱም ይህ ዘዴ ሰነፍ ዘዴ መሆኑ ብቻ ሳይሆን አይሠራም፡፡ ልጆቹን የሚመራቸው በቀጥታ ፈተና አውጪው ወዳዘጋጀው ወጥመድ ነው፡፡

እስቲ ላሳያችሁ፡፡ አንድ ምንባብ ራሴ ልፍጠር፣ በአማርኛ ይሁንልኝ፡፡ ‹‹ብዙ ገበሬዎች አዲሱ ዘር ምርታቸውን እንደሚጨምርላቸው ያምኑ ነበር፡፡ ይሁን እንጂ ከሁለት መኸር በኋላ ወደ አሮጌው ዘር ያልተመለሰ ገበሬ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፡፡›› ጥያቄው ስለ አዲሱ ዘር የትኛው እውነት ነው ይላል፡፡ አንደኛው ምርጫ ‹‹አዲሱ ዘር የገበሬዎችን ምርት ጨምሯል››፣ ሌላኛው ደግሞ ‹‹ተጠቃሚዎቹ የጠበቁትን አላገኙበትም››፡፡

ቃል የሚለቅመው ልጅ የቱን ያጠቁራል? አዲሱ ዘር አለ፣ ገበሬዎች አለ፣ ምርት አለ፣ ጨመረ አለ፣ በቃ! የመጀመሪያውን፡፡ ትክክለኛው መልስ ግን ከምንባቡ አንድም ቃል አልተበደረም፡፡ ባለ ምርጫ ፈተና የሚያወጡ ሰዎች አሠራራቸው እንዲህ ነው፡፡ የተሳሳተውን ምርጫ በምንባቡ ቃላት ያስውቡታል፣ ትክክለኛውን በሌላ ቃል ያለብሱታል፡፡ ሁለቱን የምትለየው ‹‹ይሁን እንጂ›› የምትለው ናት፣ እንግሊዝኛው ላይ ‹‹ሃውኤቨር›› የምትባለዋ፡፡ እሷን ለማግኘት ደግሞ ከማንበብ ሌላ መንገድ የለም፡፡

ያን ዕለት ማታ ከአክስቴ ልጅ ጋር አንድ የድሮ ፈተና ይዘን ተቀመጥን፡፡ ልጁ ቀለሜ ነው፣ ግራመሩን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ይወጣዋል፡፡ ያልተሳካለት ሌላ ቦታ ነው፡፡ በአሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ‹‹ኢት›› ማንን ይተካል? ከሦስተኛው አንቀጽ ምን መገመት ይቻላል? ጸሐፊው ለጉዳዩ ያለው ስሜት ምንድነው፣ ያደንቃል ወይስ ይጠራጠራል? እዚህ ጋ ሲደርስ እርሳሱን አስቀመጠና ‹‹ይሄ እኮ አልተማርነውም›› አለኝ፡፡

ተምረኸዋል እንጂ! አልኩት፡፡ እናትህ ማታ አምሽተህ ስትገባ በር ላይ ቆማ ‹‹ደግ አደረግህ›› ስትልህ እያመሰገነችህ ነው እንዴ? ቃሉ ምስጋና ነው፡፡ መልእክቱ ግን ምን እንደሆነ አንተም፣ ታናሽ እህትህም፣ ጎረቤቱም ያውቃል፡፡ ሳቀ፡፡ ያቺን ነው ፈተናው የሚጠይቅህ፣ ልዩነቱ እናትህ በእንግሊዝኛ አለመቆጣቷ ብቻ ነው፡፡ ሰምና ወርቅ የሚፈታ፣ አሽሙር ከሩቅ የሚለይ፣ ‹‹እንግዲህ እንዳላችሁ›› የሚለውን ኩርፊያ ሳይነገረው የሚሰማ ሕዝብ ልጅ ‹‹ኢንፈረንስ›› ሲባል ለምን ይደነግጣል? ማንም ሰው ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን ስላልነገረው ነዋ! በአማርኛ ክፍለ ጊዜም ቢሆን የሚጠየቀው ተሳቢውንና ባለቤቱን መለየት እንጂ ጸሐፊው ለምን እንዲያ እንዳለ አይደለም፡፡

ስለ ባለቤት ካነሳሁ አይቀር፣ ጋዜጠኝነት የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህቺን ሳልል ማለፍ አይሆንልኝም፡፡ በጥር 2015 ዓ.ም የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ታስታውሳላችሁ፡፡ ፈተናው ኩረጃን ለመቆጣጠር ተብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው የተሰጠበት ዓመት ነው፡፡ ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፣ 3.3 በመቶ፡፡ በሚቀጥለው ዓመት ፈተና 3.2 ሆነ፡፡ ከዚያ 5.4፣ የ2017ቱ ደግሞ 8.4፡፡ ‹‹እያደገ ነው›› የምትሉ ካላችሁ፣ ከአሥር ዘጠኙ አሁንም ከግማሽ በታች ናቸው ማለት ነው፡፡

ያኔ የሁሉም ሰው ዓረፍተ ነገር ‹‹ተማሪዎች ወደቁ›› የሚል ነበር፡፡ ማሰሪያ አንቀጹ ‹‹ወደቁ››፣ ባለቤቱ ‹‹ተማሪዎች››፡፡ ከዚያ ‹‹ትውልዱ አያነብም፣ ቲክቶክ ላይ ነው የሚውለው›› የሚለው ስብከት ተከተለ፡፡ ግን በዚያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ፡፡ አንድ ልጅ ቢወድቅ ልጁ ወደቀ እንላለን፤ ትምህርት ቤት ሙሉ ሰው ሲወድቅስ ባለቤቱ ማነው? ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሚኒስቴሩ የለም፣ ሥርዓተ ትምህርቱ የለም፣ ተቆልፎ የከረመው ቤተ መጻሕፍትም የለም፡፡ ይህን ጥያቄ መጠየቅ የሚችል ተማሪ የምንባቡን ፈተና ሻይ እየጠጣ ይሠራዋል፡፡ (ይህን የሚጠይቅ ተማሪ እንዲበዛ የሚፈልግ ስንት ሰው እንዳለ ሌላ ቀን እናወራለን፡፡)

የውጤቱ ብቸኛ ምክንያት ቋንቋው ነው አልልም፡፡ ጦርነት ነበር፣ ኮሮና ነበር፣ ለዓመታት በኩረጃ የተደበቀ ጉድ ነበር፡፡ ግን አንድ ነገር አስቡ፡፡ በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ አደረገው፡፡ ልጁ እስከዚያ ባዮሎጂን በአፍ መፍቻው ሲማር ቆይቶ ቢዘገይ ዘጠነኛ ክፍል ላይ አንድ መስከረም ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል፡፡ ለእኛ እሱን ድልድይ ያሻግረናል የተባለው ፕላዝማ ነበር፡፡ የምንማርበት ትምህርት ቤት ግማሹ ቴሌቪዥን ተበላሽቶ፣ ግማሹ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ለማንም ሳይጠብቅ በፍጥነት እያወራ ጥያቄ ይጠይቀናል፣ ‹‹ጎበዝ!›› ብሎን ያልፋል፡፡ ማንም መልስ አልሰጠውም እኮ!

በፈተናው ወረቀት ላይ ደግሞ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ጂኦግራፊውም፣ ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው፡፡ የፊዚክስ ቀመሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ ‹‹ኤክሴፕት›› የምትለዋን ቃል ዘሎ ‹‹ከሚከተሉት የማይሆነው የቱ ነው›› የሚለውን ጥያቄ ‹‹የሚሆነው የቱ ነው›› ብሎ ይመልሳል፡፡ ያ ነጥብ ከፊዚክስ ይቀነሳል፡፡ ውጤት ላይ ‹‹ፊዚክስ›› ተብሎ ይጻፋል፡፡ ስለዚህ የእንግሊዝኛ ምንባብ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓይነት አይደለም፣ የሌሎቹ ሁሉ በር ነው፡፡ በሩን ‹‹ሰዓት ይበላል›› ብለን ዘግተን ልጆቹን በመስኮት ግቡ እንላቸዋለን፡፡

ፈተናው ራሱም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም፡፡ ጽሑፍ መጻፍ የሚለካው በምርጫ ነው፡፡ የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን ቅደም ተከተል አጥቁር፣ ለአንቀጹ የሚስማማውን መነሻ አጥቁር፡፡ አንድ ልጅ 12 ዓመት ተምሮ አንዲት የራሱን አንቀጽ ሳይጻፍ የሚያልፍበት የቋንቋ ፈተና! በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት በሰው ማረም ከባድ መሆኑ ይገባኛል፡፡ ግን ፈተናው የማይጠይቀውን አስተማሪው አያስተምርም፣ ይህም ሊገባን ይገባል፡፡

ለአክስቴ ልጅና ለመሰሎቹ ግን እስከ ፈተናው የቀሩት ጥቂት ወራት ናቸው፡፡ በእነሱ ቦታ ብሆን በቀን አንድ ምንባብ፣ አንድ ብቻ፣ ከላይ እስከ ታች አነብ ነበር፡፡ ለእያንዳንዱ አንቀጽ ዳር ላይ በአማርኛ አምስት ቃል የማትሞላ ፍሬ ነገር እጽፋለሁ፡፡ ‹‹ሃውኤቨር››፣ ‹‹በት››፣ ‹‹ኦልዞው›› ስር አሰምራለሁ፤ ሐሳቡ የሚታጠፈው እነሱ ጋ ነውና፡፡ የማላውቀው ቃል ሲመጣ ወደ ስልክ ከመሮጤ በፊት ከፊትና ከኋላው ያለውን ዓረፍተ ነገር እጠይቃለሁ፡፡ መልስ ሳጠቁር ደግሞ ‹‹ይህን ያለው የት መስመር ላይ ነው?›› ብዬ በጣቴ ካላሳየሁ አላምነውም፣ የቀሩት ሦስቱ ለምን እንዳልሆኑም ለራሴ እናገራለሁ፡፡

ያን ማታ እንዲህ አድርገን አንድ ምንባብና ስድስት ጥያቄ ሠራን፡፡ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን፡፡ ልጁ ሁለቱን ተሳሳተ፣ ለምን እንደተሳሳተ ግን በጣቱ አሳየኝ፡፡ አክስቴ ቡና ይዛ ገባችና ‹‹እናትዬ፣ ስንት ጥያቄ ሠራችሁ?›› አለችኝ፡፡

‹‹ስድስት›› አልኳት፡፡

‹‹ስድስት ብቻ? እዚያ እኮ በአንድ ቀን መቶ ነው የሚሠሩት!›› አለችና ለሚመጣው ወር የሚከፈለውን ብር ቆጥራ ለልጇ ሰጠችው፡፡