የድረ ገጻችን ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?



ባለፈው ዓርብ ቡና እየጠጣን ስለ ድረ ገጻችን ስንከራከር አንዷ እህታችን «አንቺ ደግሞ! ቀን የሰው ቤት ስትጠርጊ ውለሽ ማታ ሰርቨር ልትጠርጊ?» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እኔም ከልቤ ሳቅሁ። ወደ ዳህራን ተመልሼ፣ የእራት ዕቃ አጥቤ ጋደም ስል ግን ሳቁ ንዴት ሆነብኝ። በእሷ አልተናደድኩም። «ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ስንት እንዳስከፈለን ትዝ ስላለኝ ነው። ያን ቀን ሳልጨርስ የቀረሁትን እዚህ ልጨርሰው።

ክርክሩ ይሄ ነው። ገሚሶቻችሁ «የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ይበቃናል» ትላላችሁ። ገሚሶቻችሁ ደግሞ «እንደ በፊቱ 1,500 ሪያል አዋጥተን ለባለሙያ እንስጥ» ትላላችሁ። እኔ ራሳችን እንጫነው፣ ቁልፉም በእጃችን ይሁን ባይ ነኝ።

እስቲ ሁለቱንም ሞክረን ምን እንደገጠመን እናስታውስ።

መጀመሪያ ገጹ። ገጹን የከፈተችው እህታችን በራሷ ስልክ ቁጥር ነበር የከፈተችው። ሲሙ የተመዘገበው በኢቃማዋ ነው። ኹሩጅ ወጥታ አገሯ ስትገባ ቁጥሩ ተዘጋ። ወደ ገጹ ለመግባት ኮድ የሚላከው በዚያው ቁጥር ነው። በቃ፣ የ3 ዓመት ልፋታችን እያየነው የማንነካው ነገር ሆነ። ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ገጹ ላይ «ችግር የገጠማችሁ ደውሉልን» ተብሎ የተጻፈው ያው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ዛሬ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ የማናውቀው ወንድ እጅ ገብቷል። ደሞዝ የተከለከለች፣ በር የተዘጋባት ልጅ ደውላ ስታለቅስ የሚያነሣው እሱ ነው። «የት ነሽ? ብቻሽን ነሽ?» ብሎ የጠየቃቸው ሁለት ልጆች ለራሴ ነግረውኛል። እኛ ደግሞ ያንን አንድ መስመር ማጥፋት አልቻልንም! ለሚመለከተው አመልክተናል፤ መልስ የለም።

ሁለተኛው ባለሙያው። ድረ ገጹን ሠርቶልናል፣ አያምርም አልልም። ነገር ግን የድረ ገጹን ስም፣ ዶሜኑን ማለቴ ነው፣ ያስመዘገበው በራሱ ስም ነው። ሰርቨሩን የተከራየው በራሱ አካውንት ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ዓመት ሞልቶ ማሳደስ ሲያስፈልግ እጥፍ ጠየቀን። አንድ ሳምንት ስንማከር ስልኩን ዘጋ። ድረ ገጹም አብሮት ጠፋ፤ ቅጂ እንኳ አላስቀረልንም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ ነው።

እህቶቼ፣ ይሄን ታሪክ የት ነው የምናውቀው? «ፓስፖርትሽ እኔ ጋ ይቀመጥ፣ እንዳይጠፋብሽ ነው» ያለን ማን ነበር? ፓስፖርትን የያዘ ሰው መምጣትና መሄድሽን እንደያዘ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ታዲያ የማኅበራችንን ስም፣ ጽሑፍና አድራሻ ወስደን በገዛ ፈቃዳችን ለሌላ ካፊል የምናስረክበው ለምንድነው?

«ትልልቆቹ ኩባንያዎች አይጠፉም» ለምትሉኝ ሁለት ነገር ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም በዓለም ዙሪያ ለ6 ሰዓት ያህል ባንድ ላይ ተቋርጠው ነበር። አገራችን ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ሰዉ በቪፒኤን ሲሽሎከለክ ከረመ። የእኛም ድረ ገጽ ሊቋረጥ ይችላል፤ አይነካም ብዬ አልዋሻችሁም። ልዩነቱ ቅጂው በእጃችን ካለ በማግስቱ ሌላ ሰርቨር ላይ መልሰን መትከል መቻላችን ነው። የሌላውን ገጽ ግን ማንሣትም መትከልም አይቻልም። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

«እሺ፣ ግን ይሄ የመሐንዲስ ሥራ ነው» አላችሁኝ። እስቲ ምንነቱን እንየው።

ሰርቨር ማለት ሌሊት ተቀን የማይጠፋ፣ በኢንተርኔት የሚከራይ ኮምፒዩተር ነው። ለእኛ የሚበቃው ትንሹ በወር 5 ዶላር አካባቢ ነው፤ ወደ 19 ሪያል። ሰርቨሩ የሚሠራበት ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ተማሪ የጀመረው ነው፤ ነጻ ነው። እኔ የመረጥኩት የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱ ይባላል፤ ቃሉ ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ሲሆን ሰው በሰው ሰው መሆኑን ይናገራል። ጽሑፋችንን የምናስገባበትና የምናስተካክልበት ፕሮግራም ደግሞ ዎርድፕሬስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ማት ማለንዌግና ማይክ ሊትል የጀመሩት ነው፤ እሱም በነጻ ይወርዳል። ዛሬ በዓለም ካሉ 10 ድረ ገጾች ከ4 የማያንሱት በእሱ ይሠራሉ። ባለሙያው 1,500 ሪያል የተቀበለን ይሄንኑ ነጻ ነገር ጭኖ ነው። ለድካሙ መቀበሉን አልቃወምም፤ የምቃወመው ቁልፉን ይዞ መሄዱን ነው።

አጫጫኑን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዎርድፕሬሶች «የ5 ደቂቃ ጭነት» ይሉታል። እኔን በአሮጌ ላፕቶፕ 4 ዓርብ ፈጅቶብኛል፤ ግን አልቋል።

በመጀመሪያው ዓርብ ሰርቨሩን ተከራይቼ በኤስኤስኤች ገባሁ፤ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ነው። ሩት የሚባለው የሁሉ አዛዥ አካውንት ስላለ ለዕለት ሥራ በሱ አልገባም፤ ለራሴ ሌላ አካውንት ከፈትኩ። ከዚያ ፋየርዎሉን አብርቼ 3 በሮች ብቻ ክፍት ተውኩ፤ 22 ለእኛ መግቢያ፣ 80 እና 443 ለአንባቢዎች።

በሁለተኛው ዓርብ አፓቼን፣ ማሪያዲቢንና ፒኤችፒን ጫንኩ። በእኛው ቋንቋ ልግለጸው። አፓቼ በር ከፍቶ እንግዳ የሚቀበለው ነው። ማሪያዲቢ ጽሑፋችን የሚቀመጥበት ጓዳ ነው። ፒኤችፒ ከጓዳ አውጥቶ አብስሎ የሚያቀርበው ነው። ዎርድፕሬስ የሚሠራው ሦስቱ ሲኖሩ ነው። ዳታቤዙን ስትፈጥሩ የፊደል ዓይነቱ «ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4» መሆኑን አረጋግጡ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዳታቤዙ በድሮው የላቲን አቀማመጥ ከተፈጠረ ግን ወይ አማርኛውን አይቀበልም፣ ወይ ፊደሉን በጥያቄ ምልክት ይተካዋል።

በሦስተኛው ዓርብ ዎርድፕሬስን ከራሱ ድረ ገጽ አውርጄ ፈታሁት፤ የዳታቤዙን ስምና የይለፍ ቃል በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ ሞላሁ። አልሠራም አለኝ። ፈቃድ የለህም ይላል። አንድ ቪዲዮ ላይ አንዱ «777 ስጡት፣ ያልቃል» ሲል ሰማሁ። እውነትም ይሠራል። ግን 777 ማለት ሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው ያንብብ፣ ይጻፍ፣ ያስኪድ ማለት ነው። አሠሪዎቻችን እንኳ ለሠራተኛ፣ ለሾፌርና ለአትክልተኛ የሁሉን ክፍል ቁልፍ ይሰጣሉ? እኛስ ቤታችንን ለምን ወለል አድርገን እንከፍታለን? ትክክለኛው መንገድ የፋይሎቹን ባለቤትነት ለድር አገልጋዩ መስጠት፣ ለማኅደሮች 755፣ ለፋይሎች 644 ማድረግ ነው። የይለፍ ቃል ያለበት የማዋቀሪያ ፋይል ከዚያም የጠበቀ ይሁን። 10 ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው። ባለሙያ ነኝ ባዩ ሁሉ ይሄን እንደሚያደርግልን በምን እናውቃለን? ራሳችን ካልተማርን ማንንም መቆጣጠር አንችልም።

በአራተኛው ዓርብ ከሌትስ ኢንክሪፕት የደኅንነት ሰርተፊኬት አስገባሁ። በነጻ ነው፤ የሚያገለግለው 90 ቀን ሲሆን ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም ራሱ ያድሰዋል። መጨረሻ ላይ ቅጂ አወጣሁ። ቅጂ ሲባል ሁለት ነገር ነው፤ ዳታቤዙና ፎቶ የሚቀመጥበት ማኅደር። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ሊጥ ይዞ ምጣድ እንደሌለው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። «ሰው ቢሰርቀውስ? ሕግ ቢደርስብንስ?» ያላችሁት ትክክል ናችሁ፤ እኔም እፈራለሁ። ስለዚህ ድረ ገጹ ላይ የአባላት ስም አይገባም፤ የእቁብ መዝገብም አይገባም። እሱ በደብተር ይቀመጥ። የማንም አሠሪ ፎቶ፣ ስምና ቤት አይወጣም። በሳውዲ የ2007ቱ የሳይበር ወንጀል ሕግ በስልክ ካሜራ የሰውን ግላዊነት መድፈር እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት አለው። በንዴት የተለጠፈ አንድ ፎቶ እህታችንን እስር ቤት ሊያስገባት ይችላል። ድረ ገጹ የሚይዘው ለሁሉ የሚጠቅመውን ነው፤ የውል አንቀጾች በአማርኛ፣ ደሞዝ ሲከለከል የሚሄዱበት መንገድ፣ ኤምባሲያችን ሪያድ ቆንስላችን ጅዳ መሆኑን፣ ከእኛ እስከ ሪያድ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ምን መያዝ እንዳለባችሁ። ደግሞ የሚሠራ ስልክ ቁጥር፤ በተለወጠ ዕለት የሚለወጥ! ዎርድፕሬስንና ተጨማሪ ፕሮግራሞቹን በየሳምንቱ ማደስም ግዴታ ነው። ሌባ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ሳይታደስ በቆየው በኩል ነው።

«ጊዜ የለንም» ላላችሁት ደግሞ እውነት ነው፣ የለንም። ግን ለቲክቶክ የምናጠፋውን ሰዓት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እኔም አለሁበት። «አልተማርንም» ላላችሁት፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለመውጣት ቢያንስ 8ኛ ክፍል መጨረስ ይጠይቅ ነበር። የሰው ቤት ለመጥረግ 8ኛ ክፍል ካስፈለገ የራስን ቤት ለመክፈትም ይበቃል። እዚሁ የምኖርበት ዳህራን ነዳጅ ፈላጊዎቹ 6 ጉድጓድ ቆፍረው እንደጠበቁት አልሆነላቸውም፤ ደማም ቁጥር 7 ነው እ.ኤ.አ. በ1938 የሰጣቸው። እኛ ገና ሁለት ጉድጓድ ነው የቆፈርነው።

የመጨረሻው ነገር። ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉ በእኔ እጅ ብቻ ነው፤ ይሄ ደግሞ ልክ አይደለም። ነገ እኔም ኹሩጅ ልወጣ እችላለሁ። ኮምቦልቻ የእናቴ ዕድር የገንዘብ ሣጥን 3 ቁልፍ ነበረው፤ ሰብሳቢዋ አንድ፣ ጸሐፊዋ አንድ፣ ገንዘብ ያዧ አንድ ይይዙ ነበር። አንዷ ብትሞትም ብትሰደድም ዕድሩ አልፈረሰም። እኛም እንደዚያ እናድርግ። ሦስት እህቶች ይመረጡ፤ ከሦስቱ አንዷ አገር ቤት የገባች ትሁን። ዶሜኑ በማኅበሩ ኢሜይል ይመዝገብ እንጂ በአንድ ሰው ስልክ አይሁን። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ታሽጎ ይቀመጥ። በአሠሪ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ማንም አትግባ።

በሚቀጥለው ዓርብ ላፕቶፑን ይዤ እመጣለሁ። ከሁለቱ ተመራጮች ጋር ከመጀመሪያው እንደ አዲስ እንጭነዋለን፤ እኔ አልነካም፣ እጃቸው ይልመድ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የምንጽፈውም ተዘጋጅቷል፤ «የድሮው ቁጥራችን የእኛ አይደለም፣ እንዳትደውሉበት»። ይሄን አንድ መስመር በወቅቱ መጻፍ ብንችል ኖሮ እነዚያ ሁለት ልጆች ያንን ድምፅ ባልሰሙ ነበር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው አባቶቻችን ተርተዋል። ድሩን ግን ማድራት ያለብን እኛው ነን።

ሰርቨር የምትጠርገው እህታችሁ፣ ከዳህራን