«ይቆይ» ማለት ስንፍና አይደለም

የምሕንድስና ጓደኞቻችን ለተግባር ልምምድ ወደ ሕንፃ ሥራ ሲሄዱ፣ ብዙ ጊዜ ቴስተሩ ከምክሩ ቀድሞ ይሰጣቸዋል። የቤታችን ኮረንቲ 220 ቮልት ነው፤ በደረት ካለፈ ግን የአንድ አምፔር አንድ አሥረኛው እንኳ ይገድላል።

ስለዚህ ሥርዓቱን እናሳስባለን። አስቀድሞ ኃይሉን አጥፍቶ መቆለፍ፤ ቀጥሎ መሣሪያውን ኃይል ባለው መስመር መሞከር፤ ከዚያ የሚሠራበትን መስመር መፈተሽ፤ በመጨረሻም መሣሪያውን ዳግመኛ መሞከር። የተበላሸ መሣሪያ ሕያዉን መስመር የሞተ ያስመስላልና።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲሰጥ ያዛል። ጓንቲ ሳይሰጥ «ቶሎ ጨርስ» ለሚል ካቦ ተማሪው «ይቆይ» ይበል። መምህራኖቻችንም ይህን በማርክ አይቅጡት እንላለን።