መንገዱ ይስፋ፤ የመንገዱ ሰውም አይጥፋ

የተከበራችሁ የሰቆጣ ከተማና የዋግ ኽምራ መራጮች፣

በገበያ ቀን የከተማችንን የንግድ መንገድ ያየ ሰው መስፋት እንደሚያስፈልገው ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አይጠበቅበትም። ፍየል እየነዳ የመጣው ገበሬ፣ ማር የጫነው አህያ፣ ባጃጁ፣ በላሊበላ በኩል ሸቀጥ ይዞ የገባው የጭነት መኪና፣ ጉሊት የዘረጋችው እናት ሁሉም እዚያው ይተፋፈጋሉ። ምጥ የያዛትን ሴት የሚያደርሰው አምቡላንስም የሚያልፈው በዚሁ መካከል ነው።

ሆኖም “መንገዱ ይስፋ” በተባለ ቁጥር ነዋሪው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን “ከተማችን እንደ ሌሎቹ ትደግ፤ ለጥቂት ሱቆች ተብሎ ሕዝብ አይጉላላ” ይላል። ሌላው ወገን “ዕድሜ ልኬን የደከምኩበት ቤት ቀይ ቀለም ተቀብቶ ሊፈርስ ነው፤ እኔስ ሕዝብ አይደለሁም ወይ?” ሲል ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ልማታዊ፣ ሁለተኛውን ፀረ ልማት ብሎ መፈረጅ የቆየ የገዥዎች ልማድ ነው። ፓርቲያችን ይህን ፍረጃ አይቀበልም። ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋልና። ዋናው ጥያቄ ሒሳቡን ማን ይክፈል የሚለው ነው።

መልሳችን ግልጽ ነው። ሁሉም የሚጠቀምበትን መንገድ ዋጋ ሁሉም በጋራ ይክፈል። ቤቱ መንገድ ዳር ስለተገኘ ብቻ አንድ ነጋዴ የሕዝብን ዕዳ ለብቻው ሊሸከም አይገባም።

ይህ የእኛ ፈጠራ ሳይሆን የአገሪቱ ሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8፣ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረት በሚወስድበት ጊዜ ተመጣጣኝ ካሣ አስቀድሞ እንዲከፍል ያስገድዳል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ግን ለባለይዞታው የተወለት የቅሬታ በር በካሣው መጠን ላይ ብቻ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ይሻላል። በማስለቀቂያው ትእዛዝ ላይም አቤቱታ ማቅረብን ፈቅዷል፤ ከቤቱ ዋጋ ሌላ ሥራው፣ ንግዱ ወይም የኪራይ ገቢው ለተቋረጠበት ሰው ካሣ እንደሚገባም እውቅና ሰጥቷል። በ2016 ዓ.ም. የመጣው ማሻሻያ ደግሞ የካሣውን ሸክም በክልሎችና በከተማ አስተዳደሮች ላይ ጭኗል። የእኛ ስጋት እዚህ ላይ ነው። ኪሱ የሳሳ አስተዳደር በካሣው ላይ ሊቆጥብ ይፈተናልና።

ያየነውም ያስተምረናል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር የፒያሳ የቆዩ ሰፈሮች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። ሰፊ ጎዳና፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል፤ ይህን አንክድም። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ግን እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ። ምትክ ቤት ያገኘ ሰው እንኳ ደንበኛውንና ጎረቤቱን ይዞ መሄድ አይችልም። ሥራው ከዚያ በኋላ ባሕር ዳርንና ጎንደርን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ተዛምቷል።

ሰቆጣ ደግሞ የራሷ ቁስል አለባት። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን የተጠለሉት በዚህች ከተማ ነው። የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል ኪዳንም የተጠራው በሰቆጣ ስም ነው። እንዲህ ባለ አካባቢ አንድ ሱቅ ሲዘጋ የሚጎድለው የልጆች እራት ነው። ተፈናቃይ ያስጠለለች ከተማ በገዛ እጇ ተፈናቃይ ማፍራት የለባትም።

ስለዚህ ብትመርጡን የሚከተለውን እንፈጽማለን፦

1. የመንገዱ ንድፍ በአማርኛና በኽምጣና ተብራርቶ በአደባባይ ይለጠፋል። ነዋሪው ይመክርበታል፤ የምክክሩ ቃለ ጉባኤም ለሕዝብ ይገለጻል።

2. ከማፍረስ በፊት ሌላው አማራጭ ይታያል። መንገዱ በአንድ ወገን ብቻ ቢሰፋ ወይም የጭነት መኪና በገበያ ሰዓት በሌላ በኩል ቢያልፍ ስንት ቤት እንደሚተርፍ ይሰላል።

3. ካሣ ሳይከፈልና ምትክ ቦታ ሳይሰጥ አንድም ግድግዳ አይነካም። ምትኩም ገበያተኛ የሚደርስበት ቦታ ይሆናል።

4. ተከራይ ነጋዴዎችና ባለጉሊቶች አስቀድመው ይመዘገባሉ፤ በሰፋው መንገድ ዳር ለሚዘጋጀው የመሸጫ ቦታ ቅድሚያ ያገኛሉ።

5. አቤቱታ ያቀረበ ሰው የመጨረሻ ውሳኔ ሳያገኝ ቤቱ አይፈርስም።

“ከተማው ደሃ ነው፤ ይህ ሁሉ ከተከፈለ መንገዱ አይሠራም” የሚሉ ይኖራሉ። ከተማው ደሃ ከሆነ ባለሱቁ ከከተማው ይበልጥ ደሃ ነው። ገንዘቡ ለመቶ ሜትር ብቻ ከበቃ ዘንድሮ መቶ ሜትር እንሠራለን፤ ለከርሞ እንቀጥላለን። ዘግይቶ የተሠራ መንገድ ሰው ይሄድበታል፤ የተበተነ ቤተሰብ ግን በቀላሉ አይሰበሰብም።

ውድ መራጮች፣ ድምፃችሁን ለመጠየቅ ወደ እናንተ የሚመጣውን ተወዳዳሪ ሁሉ፣ የእኛንም ጭምር፣ አንድ ነገር ጠይቁት፦ “መጀመሪያ የሚመጣው ካሣው ነው ወይስ ዶዘሩ?” መልሱን ሰምታችሁ ፍረዱ።

ልማት ከሕዝብ ጋር፣ በሕግ፣ ለሕዝብ!