የምንዛሪ ነገር፦ ቀኑን መጠበቅ

 

ከካምፕ ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርዶ ለቤተሰቡ ብር የሚልክ ሰው በመሐል ከተማ መንገድ ዳር ተቀምጠው ገንዘብ የሚመነዝሩትን ሴቶች ያውቃቸዋል። ብዙዎቻችን ደርሰን "ዛሬ ስንት ገባ?" እንላለን፤ የተባልነውን ተቀብለን እንሄዳለን። ባለፈው ሳምንት ስንት እንደነበር ግን ማናችንም አልጻፍንም።

የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ሆኖ ታስሯል። ስለዚህ የሚወጣ የሚወርደው ብሩ ነው። ከልጆች የሒሳብ ደብተር አንድ ገጽ እንውሰድ። ከታች ቀኑን፣ ከጎን 1,000 ፍራንክ የሚያወጣውን ብር እንጻፍና በየጊዜው ነጥብ እናድርግ። ነጥቦቹ ሲያያዙ መሰላል ይመስላሉ። እንበል ዋጋው ሦስት ጊዜ 800 ደርሶ ተመለሰ፣ ሲወርድም 760 ላይ ቆመ። ዛሬ 765 ከተባልን፣ የማይቸኩል ገንዘብ ካለን፣ ምን አስቸኮለን? ወደ 800 እስኪጠጋ ቦርሳችን ውስጥ ይቆይ።

ታዲያ መስመሩ ግድግዳ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በባንክ ስሌት 1,000 ፍራንክ ከ320 ብር ገደማ ወደ 560 ተሻገረ ማለት ነው። የድሮውን መስመር አምኖ ብር ያከማቸ ተጎዳ፣ ፍራንኩን የያዘ ተረፈ። መንገድ ላይ ግን ዋጋው ቀድሞውኑ ከባንኩ ርቆ ስለነበር ለውጡ እንደዚያ አልከበደም። ደብተራችን ላይ የባንኩንም የመንገዱንም ለየብቻ የምንጽፈው ለዚህ ነው።

ደግሞ ሁሉም ገንዘብ አይጠብቅም። እናት ታማ መድኃኒት ከተባለ ዋጋው ስንትም ይሁን በዕለቱ መመንዘር ነው፤ እዚያ ላይ ደብተር አይገለጥም። እኛ የምንለው ለበዓል ስለሚላከው ነው። እኛ ራሳችን አንድ ዓመት ጳጉሜን ደርሶ ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ አብረን ሮጠን፣ ያለ የሌለንን በአንድ ጊዜ መንዝረን፣ በሳምንቱ የተሻለ ዋጋ ስንሰማ እጃችን ባዶ ነበር። አሁን ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምረን በሦስት ከፍለን ነው የምንመነዝረው፤ አንዱ ቢከፋ ሌላው ይክሳል።